የማን ጉርምርምታ

ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣ ጣልያን በሠራው ቤት፣
ሽቦው እንደ ደረቀ ሐረግ በተጋደመበት፣
ካሴት ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ፤
ለአንዱ መቶ ብር እቀበላለሁ።

እትየ እንጉዳይ መጡ፣ ከአዘዞ፣ በሚኒባስ፣
ካሴቷን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ እንዳይነካት ነፋስ።
«የባሌ የአያ ጓዴ ናት። ወፍጮ ቤት ነበረው።
ዓይኑ ሲደክም ጊዜ የዱቤ መዝገቡን ለቴፕ ነገረው።
ዕዳውን አልፈልግም፤ ባለዕዳውም አፈር ሆነ፣ ቀኑም መሸ፤
ድምፁን ነው። የቤቴ ቴፕ ተበላሸ።»

ከፈትኋት።
አንድ ሰው ከጉድጓድ ውስጥ ያወራል፤
በላዩ የታፈነ ጥንዚዛ ያጉረመርማል።
«ጫኔ... ሁለት ቁና...» ይልና ይሰጥማል።

«ወፍጮው ነው» አልኋቸው ማንም ሳይጠይቀኝ፤
«ከድንጋዩ ሥር የተቀዳ አይጠራም፤ ይቅር ይበሉኝ።»
እሳቸው ግን ጆሯቸውን አዘንብለው ዝም አሉና፣
«እንዲህ አይልም የእኛ ወፍጮ፤ እኔ አውቀዋለሁና።»

ተቀየምሁ። አልዋሽም። ሃያ ዓመት ድምፅ ሰምቻለሁ።
«ነገ ይመለሱ» ብዬ ሸኘኋቸው፤ አምሽቼ ቀረሁ።

ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤
ጁስ ቤቱ ጨለመ፣ ጄኔሬተር የሌለው ሁሉ አንቀላፋ።
ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤
ቴፔም በድንጋይ የሚሠራ አሮጌ ነው፣ አላረፈም።
ጥንዚዛው ግን የለም።
ጆሮ ማዳመጫዬን አወለቅሁ፣ መልሼ አጠለቅሁ። የለም።
ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ መብራቱ ሲመጣ
ከቻርጀሩ ጋር ጥንዚዛውም መጣ።

ለካ የወፍጮው አይደለም፤ የእኔ ነው። የግድግዳዬ ነው።
ድምፅ የምትቀበለው ሳጥን፣ ዩኤስቢው ላይ የተንጠለጠለችው፣
ከማራገቢያው፣ ከማውሱ፣ ከቻርጀሩ ጋር ነው ኃይል የምትጠጣው፤
ከብት ላይ ገብቶ ካደፈረሰው ቀሃ
ታች ሆኖ እንደሚቀዳ ሰው፤ ሁሌም ጭቃ ውሃ።

ጠዋት ስመኝ መጣች፣ ረዳቴ፤ ቴክኒክና ሙያ የተማረች፤
የሦስት ሜትር ገመዴን አነሣችና «በሬ ሊስቡበት ነው?» አለች።
ክንድ የማትሞላ ወፍራም ገመድ አመጣች፤
ኃይሉን በአንድ ጫፍ፣ ድምፁን በሌላው ለየች፤
ለሳጥኗ የራሷን ፓወር ባንክ ሰጠቻት፤ ከማንም አትሻማም።
«ይህ ቤት መሬት የለውም፣ ጋሼ፤
ሲቀዱ ከግድግዳው ይፋቱ፣ ቻርጀር አይሰኩም።»
ሰማንያ ዓመት የቆመ ቤት መሬት የለውም ስትለኝ ሳቅሁ፤
የሶኬቱን ክዳን ፈትታ ስታሳየኝ ግን ዝም አልሁ።
የዩኤስቢውን አፍ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠበችው፤
ጤፍ የሚያህል ጉድፍ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው።

እትየ እንጉዳይ ተቀመጡ። አጫወትሁላቸው።

አያ ጓዴ ከጉድጓዱ ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።
«ጫኔ፣ ሁለት ቁና ማሽላ፤ አንዱን ከፈለ፣ አንዱን ለፋሲካ አደረገ።
ታከለች ምንም የለባት፤ እሷ ግን አለብኝ ትላለች፤
ብትመጣ አትቀበሉ፤ ልጆች አሏት፣ ተቸግራለች።»

ከኋላው፣ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ጉርምርምታ፤
ቀበቶው የተጣፈበት በዞረ ቁጥር ጠብ፣ ጠብ የሚል ምታ።
ላጠፋው ነበር፤ ማጣሪያ አለኝ፣ ጣቴም ደርሷል።
እጄን ያዙኝ። «ተወው። ይህኛው የእኛ ነው፤ ይፈጫል።»

አምሳ ብር ከፈሉኝ። የያዙት እሱን ነው።
«የቀረውን በድምፅ ያዝልኝ» አሉ፤ «ልማዱ የቤታችን ነው።»
ማይኩን አስጠጋሁ። ቻርጀሩን ነቀልሁ።
ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንጉዳይ፣ አምሳ ብር።»
ከኋላቸው ስመኝ ሳቀች፣ የባጃጅ ጡሩምባ ጮኸ፤
አልቆረጥሁ።